ሕጉስ አለ፤ የሚቆምለት ሰው የት አለ?

ከግቢያችን ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሎተሪ የሚሸጡ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ከመካከላችን ግን የማያውቃቸው የለም። በሕፃንነታቸው ፖሊዮ የያዛት ግራ እግራቸው አትታዘዝላቸውምና በሁለት ክራንች ነው የሚሄዱት። ፀሐይም ሆነ ዝናብ ከቦታቸው አይጠፉም፤ ዕጣ ያልወጣለትን ተማሪ «ለሚቀጥለው ነው» እያሉ ያጽናናሉ።

ወላጅ እናታቸው ተከራይተው ልጆቻቸውን ያሳደጉበት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። ጋሼ ተወልደው ያደጉት፣ እናታቸውንም ያስታመሙት በዚያ ነው። እናትየዋ አምና አረፉ። ዐርባቸው እንደ ወጣ «ውሉ በሟች ስም ስለ ሆነ ቤቱን ለቀው ያስረክቡ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ጋሼ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ጉዳዩን የሚያየው ክፍል በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ዘበኛው ደግ ሰው ነበርና ወረቀቱን ይዞላቸው ወጣ፤ ሲመለስ ግን «ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ ብለዋል» አላቸው። «ከታች አለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ እሳቸው ብቅ ይበሉ» ብለው ላኩ። የወረደ የለም። ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሎተሪ አልተሸጠም። በአራተኛው ቀን ጃንጥላ ዘርግቶ ለሚሠራ ራፖር ጸሐፊ ከፍለው አቤቱታ አጻፉ። አቤቱታው ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት ተጽፎ ኖሮ እሱም ተመለሰ።

ነገሩ ወደ እኛ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጧት ቲኬት የሚገዙ ሦስት ተማሪዎችን «እናንተ ልጆች፣ ሕግ ትማሩ የለም እንዴ? እስቲ ይቺን ወረቀት እዩልኝ» አሏቸው። አንዱ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ገና ሁለተኛ ዓመት ነን» አለ። ሁለተኛው ከኪሱ ሃያ ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ሦስተኛው «ረፍዶብናል፣ እንሂድ» አለ። የረፈደብን ትምህርት ሕገ መንግሥት ነበር። እነዚያ ሦስት ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት መካከል ናቸው።

ኑዛዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነፍስ አባት ይበቃ ነበር። እኛ ግን ጥያቄ አለን፤ ጥያቄው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን ለማኅበራችን፣ ለመምህሮቻችንና ለራሳችን ጭምር ነው። በዚህ አገር ድኻና አካል ጉዳተኛ መብቱ ሲነካ የሚቆምለት ማን ነው?

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «በአገራችን ለድኻና ለአካል ጉዳተኛ ሕግ የለም» ሲል እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ይጎዳል። ሕግ የለም ብሎ ያመነ ሰው አይከራከርምና።

እስቲ እንቁጠር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኛን በሥራ ቅጥር፣ በዕድገትና በሥልጠና ማግለልን ይከለክላል። ከዚህም በላይ አሠሪው የሥራውን ቦታ ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል። «በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተገለልሁ» ብሎ ፍሬ ነገሩን ያቀረበ ሰው ካለ፣ አላገለልሁም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልማዳዊው የክርክር ሥርዓት ሸክሙን የሚጭነው በከሳሹ ላይ ነበርና።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መዳረሻ ሊኖረው ይገባል ብሎ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የጸደቀ ስምምነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስምምነቱም በአንቀጽ 13 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ፍትሕ እንዲያገኙ፣ ለዚህም የሥነ ሥርዓት ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ያዛል።

እንግዲህ ጋሼን ከደረጃው ሥር ያቆመው የሕግ መጥፋት አይደለም። ሕጉማ በየዓመቱ ሲወለድ ኖሯል። ጋሼ ያጡት ሕጉን ከመደርደሪያ አውርዶ እሳቸው ወደ ማይወጡበት ሦስተኛ ፎቅ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ?

መድኀኒት በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ስለ ተደረደረ በሽተኛ አይድንም። የሚያዝለት፣ የሚያነብለት፣ በምን ሰዓት እንደሚዋጥ የሚነግረው ይሻል። ሕግም እንዲሁ ነው።

ባለ ሀብት ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ራሱ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት አይንከራተትም፤ ጠበቃ አለው፣ ነገረ ፈጅ አለው። ቀጠሮ የሚቆጥርለት፣ የመዝገብ ቁጥር የሚይዝለት፣ የይግባኝ ጊዜ እንዳያልፍበት የሚያስታውሰው ሰው አለው። ከሹሙ ጋር ቡና የሚጠጣ ዘመድም አይጠፋውም። ድኻው ግን ሦስቱንም ሆኖ ብቻውን ይቆማል፤ ከሳሽ ነው፣ ጠበቃ ነው፣ ተላላኪ ነው። ማየት የተሳነው ከሆነ የተሰጠውን ደብዳቤ የሚያነብለት ጎረቤት መፈለግ አለበት፤ ምሥጢሩም የሰፈር ይሆናል። መስማት የተሳነው ከሆነ «ነገ ና» እና «እንቢ» የሚለዩበትን አፍ እያየ ይገምታል። የአእምሮ ሕመም ካለበትማ ገና አፉን ሳይከፍት «እሱ እኮ ጤነኛ አይደለም» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል።

ሕጉ የቅርብ ዘመድ በውክልና እንዲከራከር ይፈቅዳል፤ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ፣ ወንድም ለወንድሙ። መልካም ነው። ግን ዘመድ የሌለውስ? ዘመዱ ራሱ የቀን ሠራተኛ ሆኖ አንድ ቀን ከቀረ ልጆቹ ጦማቸውን የሚያድሩበትስ?

የአገራችን የሙግት ልማድ በዚህ ነገር አያሳፍርም ነበር። አባቶቻችን ሲጣሉ መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙት፣ እሱም ቆሞ ነገር ይሰማና ይፈርድ እንደ ነበር ታሪክ ጽፎታል። መንገደኛው ዳኛ አልነበረም፤ ሹመት አልነበረውም፤ ሥራም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። ግን ይቆም ነበር። እኛ ያን ቀን ጧት ያልቆምን መንገደኞች ነን።

ያልተቆጠረ አይሟገትም

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው የሚል ካለ ቁጥር እናሳየው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ አካል ጉዳተኛ ነው ብሎ የመዘገበው ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ያወጡት ዘገባ ደግሞ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገመተ።

ጦርነት፣ ረኀብ፣ ፖሊዮና የመኪና አደጋ የተፈራረቁባት አገር ከዓለም ሁሉ ጤነኛ ሆና ነውን? እንዲህ ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለንም። ቆጣሪው ቤቱን ሲያንኳኳ ሐፍረት ልጁን ከጓዳ ደብቆታል፤ ወይም የጥያቄው ወረቀት ራሱ ያላየው ብዙ ጉዳት አለ። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ያልተያዘለት አስተርጓሚ አይቀጠርለትም፤ አስተርጓሚ የሌለው አቤት አይልም፤ አቤት ያላለው ደግሞ «ቅሬታ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው የተያያዘው። አንዱን ቀለበት መበጠስ የሚችል ሰው ካለ ከዚያው ይጀምር።

ዐሥር ዓመት የታሠረ አፍ

ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ማኅበራት የት ሄዱ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ያለ ፍርሃት መናገር ይገባል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከመቶ ከ10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ እንዲሁም በፍትሕ አገልግሎት መሻሻል ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ከለከለ። በድኻ አገር ለድኻ የሚሟገት ማኅበር ከአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ ሊኖር እንደማይችል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ለብዙ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ ሥራውን ለማጥበብ ተገደደ።

ያ አዋጅ ያመጣውን ነገር በአንድ ምሳሌ እንግለጸው። ክራንች ማደል ይቻል ነበር፤ ባለ ክራንቹ ሰው ደረጃ ብቻ ባለው ሕንፃ ለምን ይጉላላል ብሎ መጠየቅ ግን በዚያ ገንዘብ አይቻልም ነበር። ርዳታው ተፈቅዶ መብቱ ተከለከለ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ልምዱ ተበተነ፤ ሊሠለጥኑ የሚገባቸው ወጣቶች ሳይሠለጥኑ ቀሩ።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ ያን ክልከላ ሻረው። ስለዚህ ዛሬ «ሕጉ ከልክሎን ነው» የሚለው ሰበብ የለም። ሰበቡ ከሄደ በኋላም በቦታው የቆመ ሰው ካለ፣ የያዘው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

በሩ የት የት አለ?

አንባቢ ሆይ፣ ለሚጠይቅህ ሰው የምትነግረው እንድታጣ አንሻምና ያሉትን በሮች እንዘርዝር፤ የየበሩንም ስንጥቅ አብረን እናሳይ።

አንደኛው በር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ሲያጣና ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ቋንቋው ለማይገባውም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመድባል። ስንጥቁ ይህ ነው፤ በሩ በዋናነት የተከፈተው በወንጀል ለተከሰሰ ነው። ድኻ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበደለው በቤት፣ በደመወዝ፣ በቀለብ፣ በውርስና በጡረታ ነው። ሰርቆ የተከሰሰው ጠበቃ ሲያገኝ የተሰረቀችው ባልቴት ታጣለች።

ሁለተኛው በር በደኻ ደንብ የሚቀርብ ክስ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ስንጥቁስ? አመልካቹ ድኽነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ከወረዳው እንዲያመጣ ይጠየቃል። ከወረዳው ጋር ለተጣላ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ጋሼ ከቤታቸው የሚያስወጣቸውን ጽሕፈት ቤት ለመክሰስ፣ ድኻ መሆናቸውን እንዲመሰክርላቸው ያንኑ ጽሕፈት ቤት መለመን ሊኖርባቸው ነው።

ሦስተኛው በር የጠበቆች ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድኻ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሠራ ደንግጎ ነበር። 50 ሰዓት በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ጠበቆቹ በአዋጅ ቁጥር 1249 የራሳቸውን ማኅበር አግኝተዋል። ስንጥቁ የሚገኘው በመገናኛው ላይ ነው። ጠበቃው ሰዓቱን የሚሰጠው ድኻ የት እንዳለ አያውቅም፤ ድኻው ሰዓት ያለው ጠበቃ የት እንዳለ አያውቅም። በሁለቱ መካከል የሚቆም አገናኝ ጠፍቷል።

አራተኛው በር በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 እና 211 የተቋቋሙት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ናቸው። አቤቱታ ለማቅረብ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አቤቱታውን ተበዳዩ ራሱ ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛው፣ የቤተ ሰቡ አባል፣ ወኪሉ ወይም ሦስተኛ ወገን ሊያቀርብለት መቻሉ ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት እኛ ነን። ይህንንስ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አምስተኛው በር ዩኒቨርሲቲዎች የከፈቷቸው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማእከሎች ናቸው። በየክልሉ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ማእከል አቋቁመው ለብዙ ችግረኛ ደርሰዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። በእኛ ግቢ ግን ይህ ሥራ በአንድ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቁልፉን የያዙት መምህር ለስብሰባ ከሄዱ ቢሮው ይዘጋል፤ ፈተና ሲደርስ ይዘጋል፤ ክረምት ይዘጋል። በደል ግን ክረምት አይዘጋም።

ለሚቃወሙን መልስ

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ባነሣን ጊዜ አራት ዓይነት ተቃውሞ ሰማን። አንድ በአንድ እንመልስ።

«እኛ የመጣነው ለመማር ነው» አሉን። እኛም ለዚያው ነው። የሕክምና ተማሪ በሽተኛ ሳያይ ሐኪም ሆኖ አይመረቅም፤ ከመምህሩ ኋላ ሆኖ በየአልጋው ይዞራል። የሕግ ተማሪ ግን አንድም የተበደለ ሰው ፊት ለፊት ሳያይ አምስት ዓመት ኖሮ ቢመረቅ የሚገርመው የለም። ይህን ትምህርት ብሎ መጥራት ይከብደናል።

«የመንግሥት ሥራ ነው» አሉን። እውነት ነው፤ የመንግሥት ግዴታ ነው። ግን ግዴታ ያለበት ሁሉ ግዴታውን ጠያቂ ሳይኖር አይፈጽምም። እኛ መንግሥትን ልንተካ አላሰብንም፤ ግዴታውን በስሙ ጠርተን ልንጠይቀው እንጂ።

«የጥብቅና ፈቃድ የላችሁም» አሉን። ይህ ቁም ነገር ነው፤ በቀልድ አናልፈውም። ያልበሰለ ምክር ሰውን ከነቤቱ ይጥላል። ስለዚህ ችሎት ላይ ካልቆምን አንልም። ደብዳቤ ማንበብ፣ የደረሰውን በቅደም ተከተል መጻፍ፣ ወረቀት ማሰባሰብ፣ ቀጠሮ መቁጠር፣ ደረጃ መውጣት፣ አብሮ መቀመጥ፣ ፈቃድ ካለው ጠበቃ ጋር ማገናኘት ግን ፈቃድ አያሻቸውም። ጋሼ ከጎደላቸው ዘጠኝ እጁ ይኸው ነበር።

«ሰውን ጥገኛ ታደርጋላችሁ» አሉን። ይህን የሚሉን ሃያ ብር መስጠትን የሚመርጡ ናቸው። መብቱን ጠይቆ ያገኘ ሰው ለማንም አይጎነበስም፤ ምጽዋት የተቀበለ ግን ነገም ያንኑ እጅ ያያል። የትኛው ነው ጥገኛ የሚያደርገው?

ከእነዚህ ሌላ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እሱን ግን ከልባችን ተቀብለነዋል። የሰነዘረችው ማየት የተሳናት የክፍል ጓደኛችን ናት። «አዝናችሁ የምታደርጉት ከሆነ ይቅርባችሁ» አለችን። እሷ ባለፈው ክረምት ለሥራ ልምምድ አመልክታ ፈተናውን ካለፈች በኋላ «ማስታወቂያው ሙሉ ጤነኛ ይላል» ተብላ ተመልሳለች። አዋጅ ቁጥር 568ን ከሁላችንም አሻሽላ የምታውቀው እሷ ናት። እኛ ዐይናማዎቹ የምናነብላት መጽሐፍ አለ፤ እሷ የምታስነብበን ሕግ ደግሞ አለ። ልክ ናት። በልጅነታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ያጡት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት የሚሠራ ማእከል ከመሠረቱት አንዷ ሆነው በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ በዚህ ሥራ ፊት ፊት መቅደም ያለበት ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ስለ እነሱ ያለ እነሱ የሚወሰን ነገር ቢኖር እኛው ራሳችን እንቃወመዋለን።

ከሾላ እስከ ዛሬ

ከእኛ በፊት በዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ አንገታቸውን የሚያስደፋ ነገር አልሠሩም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ በተባለው ስፍራ ለማኞች ተሰብስበው የታጎሩበት ካምፕ እንዳለ በታወቀ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ «ድኽነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጡ። በያዝነው ጉዳይ ያ ዓመት የሚያስደንቅ ነው። ድኻ ሳይከፍል እንዲከስ የፈቀደው የሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በዚያው በ1958 ዓ.ም. ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ድኻ በወረቀት የፍርድ ቤት በር ተከፈተለት፣ በአካል ደግሞ በካምፕ በር ተዘጋበት።

ያን ልዩነት ያዩት ተማሪዎቹ ናቸው። ለምን? የተጻፈውንና የሚሠራውን ጎን ለጎን አቁመው ስለ ተመለከቱ ነው። የእኛም ሥራ ያው ነው። ዛሬ የሾላ ካምፕ የለም። ግን ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ፣ የማይነበብ ደብዳቤ፣ «ራሱ ይቅረብ» የሚል ትእዛዝ አለ። እነዚህም ሰውን ከመብቱ ያጥራሉ፤ ሽቦ ስለሌላቸው ብቻ አጥር መሆናቸው አይታየንም።

ሰልፍ መውጣት ለእነዚያ የሚገባ ነበር። ለእኛ የቀረበው ሥራ ግን ከሰልፍ ያነሰ ድምፅና ከሰልፍ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አንድ ቀን መጮኽ ይቻላል፤ ሰባት ቀጠሮ መመላለስ ግን ይከብዳል።

የምንጠይቀው

ስለዚህ ለማኅበራችን ምክር ቤት፣ ለሕግ ትምህርት ክፍልና ለግቢው አስተዳደር የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. በዋናው በር አጠገብ፣ ደረጃ በሌለበት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ይሰጠን። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለማንኛውም ባለጉዳይ ክፍት ይሁን፤ ፈተናም ክረምትም አይዝጋው።

2ኛ. የጥብቅና ፈቃድ ያላቸው መምህሮቻችን በተራ ይቀመጡ፤ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ በእነሱ ይታይ። የተማሪውም ሰዓት እንደ ተግባር ትምህርት ይቆጠርለት።

3ኛ. የምልክት ቋንቋ በአገራችን በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪዎቹ በአስተርጓሚነት እንዲተባበሩ ይጠየቁ፤ ለድካማቸውም ይከፈል። ማየት ለተሳነው ባለጉዳይ የጉዳዩ ወረቀት በብሬል ወይም በድምፅ ይሰጠው።

4ኛ. ለዓመቱ የመሰናበቻ ግብዣ ማኅበሩ ከሚመድበው ገንዘብ ሲሶው ለባለጉዳዮች መጓጓዣና ለፎቶ ኮፒ ይዋል። ከጠርሙሱ ብዛት ቢቀነስ የሚሞት የለም።

5ኛ. የሰውን ጉድፍ ከማየታችን በፊት የራሳችንን ምሰሶ እናውጣ። የገዛ ግቢያችን ሬጅስትራር በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ወንድሞቻችን ለምዝገባ በጓደኛ ጀርባ ይወጣሉ። መምህሮቻችን አንቀጽ 36ን በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያስተምሩናል። ምዝገባው ከመጪው ዓመት ጀምሮ ወደ ምድር ይውረድ።

6ኛ. ስንት ሰው እንደ መጣ፣ ስንቱ እንደ ተረዳ፣ ስንቱ ባዶ እጁን እንደ ተመለሰ፣ ስም ሳይጠቀስ በየሴሚስተሩ በዚህ መጽሔት ይታተም። ያላገዝነውንም እንቁጠር።

መምህሮቻችን ሆይ፣ እናንተን የምንወቅሰው ስለምናከብራችሁ ነው። ፍትሕ ምን እንደ ሆነ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ተማሪዎቻችሁ ትምህርቱን ከበሩ ውጭ ሊያወጡት ሲነሡ ዝም ብትሉ፣ ያስተማራችሁን ለፈተና ብቻ ነበር ብለን እንድናስብ ትገፉናላችሁ።

ጋሼስ ምን ደረሱ? ከሳምንት በኋላ ሦስታችንም አፍረን ተመለስን። ፈቃድ ያላቸው አንድ መምህር አግዘውን አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍን፤ ሁኔታውን በአጭሩ፣ አንቀጽ 36ንም በቁጥሩ አሰፈርን። ሁለታችን ይዘነው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣን፤ አንዳችን ከጋሼ ጋር ከታች ቀረን። ኀላፊው አነበቡና ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አንሥተው ወረዱ። በዘበኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ዐሥር ደቂቃ ያህል ሰሟቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲወርዱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ። ጋሼ ከእናታቸው ጋር በዚያ ቤት መኖራቸውን የሚያስረዳ ወረቀት እንደሚጎድል ያወቅነው ያን ዕለት ነው። የዕድሩ ዳኛ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡን።

ቤቱ ገና አልዳነም። ውሳኔው በቀጠሮ ላይ ነው፤ ሊጠፋም ይችላል። ቢጠፋ ወደ እንባ ጠባቂ፣ ከዚያም ቢሆን በደኻ ደንብ ወደ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። በቀጠሮው ቀን ግን ሦስታችንም ፈተና አለብን። ከጋሼ ጋር የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንድ ደረጃውን የሚወጣ፣ አንድ ከታች አብሯቸው የሚቆም። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማባዣው ሲገባ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

የተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ዝግጅት ክፍል